ስለ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ትምህርትና የትርጕም ሥራ



መጽሔታችን በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚወጣ ስለ ሆነ፣ ጽሑፍ እንዲያቀርብ ዕድል የደረሰው ተማሪ ለብዙዎች ይጠቅማል ብሎ የሚያስበውን ነገር መርጦ ሊጽፍ ይገባዋል። እኔም በበኩሌ የመረጥሁት የአንድ ተርጓሚ ሊቅ የትምህርትና የሥራ ዘመን ነው። ምክንያቴም ይህ ነው፤ እኛ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ፈተናችንን ከጨረስን በኋላ በዩኒቨርሲቲ የምንማረውን የትምህርት ዓይነት መምረጥ አለብን። አንዱ ሐኪም፣ አንዱ መሐንዲስ፣ ሌላው የሒሳብ ሠራተኛ እሆናለሁ ሲል የሚሰማው ሁሉ ያመሰግነዋል። እኔ ግን ግዕዝንና ጥንታውያን ቋንቋዎችን ተምሬ መጻሕፍትን መተርጐም እፈልጋለሁ ባልሁ ጊዜ አባቴ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «ልጄ፣ ይህ እኮ ከየኔታ ዘንድ የሚማሩት ነው እንጂ ዩኒቨርሲቲ የሚኬድለት ነውን? እንጀራስ ይሆናልን?» ሲሉ ጠየቁኝ። ጥያቄው የአባቴ ብቻ እንዳልሆነ ስለማውቅ፣ መልሱን በቤት ውስጥ ከመናገር ይልቅ በዚህ መጽሔት ላይ ለሁሉ ባቀርበው ይሻላል ብዬ አሰብሁ።

ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። የምናገርላቸው ሰው ብዙውን ዘመናቸውን በውጭ አገር ስላሳለፉ፣ ከዚህ በታች የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

መተርጐም ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። የግዕዝ መጻሕፍት አብዛኞቹ ራሳቸው ትርጕሞች ናቸው። በአክሱም ዘመን ከግሪክ፣ ከ13ኛው ምእት ዓመት ወዲህ ደግሞ ከዐረብኛ ተመለሱ። በ14ኛው ምእት ዓመት የነበሩት ጳጳስ አባ ሰላማ ብዙ መጻሕፍት ስላስተረጐሙና ስላረሙ «መተርጕም» የሚል ስም ወጣላቸው። በ16ኛው ምእት ዓመት ከየመን መጥተው የደብረ ሊባኖስ እጨጌ እስከ መሆን የደረሱት አባ ዕንባቆምም ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የተረጐሙ ሊቅ ነበሩ። በእኛው በጎንደር ደግሞ መምህራኑ ግዕዙን አንብበው፣ በአማርኛ ፈትተው፣ አንዱ ፍቺ ሳይበቃቸው «አንድም» እያሉ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ይጨምሩ ነበር። የላይ ቤትና የታች ቤት የሚባለው የትርጓሜ ወገንም ከዚያ የወጣ ነው። በአውሮፓ የትርጕም ጥናት ለብቻው ራሱን የቻለ ትምህርት እንዲሆን ጄምስ ሆምስ የተባለ ሰው ስም አውጥቶ ያቀረበው በ1972 ነው። ይህን ሳነብ የጎንደር የኔታዎች ቢሰሙ ምን ይሉ ይሆን ብዬ ፈገግ አልሁ።

ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በ1931 በሸዋ በሸንኮራ ተወለዱ። ከገጠር ወደ አዲስ አበባ መጥተው በቅድስት ሥላሴ ትምህርት ቤት ተማሩ። ከዚያም በ1950ዎቹ መጀመሪያ ወደ ካይሮ ተሻገሩ። በካይሮ የተማሩት በአንድ ትምህርት ቤት ብቻ አልነበረም። በቅብጦች የነገረ መለኮት ኮሌጅም በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲም ተምረው፣ ከሁለቱም በ1957 ተመረቁ። ይህ የካይሮ ቆይታ ለኋላ ሥራቸው ምን ያህል እንደ ጠቀማቸው ልብ ልንል ይገባል። የግዕዝ መጽሐፍ አንዳንድ ጊዜ ፍቺው እንቢ የሚለው ከዐረብኛ ሲመለስ የዐረብኛው አነጋገር እንዳለ ስለ ገባበት ነው። ዐረብኛውን የማያውቅ አንባቢ ግዕዙን ይወቅሳል፤ የሚያውቅ ግን ከበስተጀርባው ያለውን ቃል ያያል። እንግዲህ ግዕዝን በደንብ ለማወቅ ግዕዝ ብቻውን አይበቃም ማለት ነው።

ከካይሮ በኋላ ወደ ጀርመን አገር ሄደው በቱቢንገን ዩኒቨርሲቲ የሴም ቋንቋዎችን አጠኑ፤ በ1962ም የዶክትሬት ማዕርግ ተቀበሉ። ቱቢንገን ለግዕዝ እንግዳ ከተማ አይደለም። በ1865 ታላቁን የግዕዝ መዝገበ ቃላት ያሳተመው አውግስጦስ ዲልማን የተማረው እዚያው ነበር። የዲልማን መዝገበ ቃላት ፍቺውን የሚሰጠው በላቲን ቋንቋ ነው፤ ስለዚህ አንድ የኢትዮጵያ ተማሪ የአባቶቹን ቃል በዚያ መጽሐፍ ለመፈለግ ቢነሣ በመጀመሪያ ላቲን መማር ይኖርበታል። አንዳንድ ጓደኞቼ ይህን ስነግራቸው እንደ ውርደት ቈጠሩት። እኔ ግን እንዲህ አላየውም። የጀርመን ሰው ደክሞ የሠራውን ሥራ ማመስገን ይገባል፤ ሥራው የእኛን ሰው ይጠብቅ ነበርና። ደግሞም የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግዕዝና የአማርኛ መዝገበ ቃላት በደቀ መዝሙራቸው በአለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ድካም በ1950ዎቹ አጋማሽ ታትሟል፤ የአገር ልጅም ላቲን ሳይሻ ግዕዙን በአማርኛ ሊፈልግ ችሏል።

እዚህ ላይ ትርጕም ቀላል ሥራ ለሚመስላቸው ጓደኞቼ ጥቂት ምሳሌ ላቅርብ። አማርኛና ግዕዝ ዘመዳሞች ናቸው፤ አደጋውም ከዚሁ ከዝምድናው ይመጣል። «ነበረ» በአማርኛ ያለፈ ነገርን ማስታወቂያ ነው፤ በግዕዝ ግን «ተቀመጠ» ማለት ነው። በአማርኛ «ሀገር» ስንል ኢትዮጵያን የሚያህለውን ማለታችን ነው፤ በግዕዝ ብዙ ጊዜ ከተማ ማለት ይሆናል። ይልቁንም ለእኛ ለሰሜን ሰዎች የሚያስደንቁ ሁለት ቃላት አሉ። «ደብር» በአማርኛ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ በግዕዝ ከሁሉ በፊት ተራራ ማለት ነው። «ገዳም» በአማርኛ የመነኮሳት ማኅበር ያለበት ስፍራ ነው፤ በግዕዝ ግን ምድረ በዳ፣ ሰው የማይኖርበት ዱር ማለት ነው። በደጃችን ሆነን ቀና ብለን የሰሜንን ተራሮች ስናይ «ደብሩ» ያ ነው፤ ቍልቍል ወደ ዋልድባ በረሃ ስንመለከት «ገዳሙ» ያ ነው። ታዲያ በጥንታዊ ገድል ውስጥ አንድ ጻድቅ «ወደ ገዳም ወጣ» የሚል ቃል ያገኘ ተርጓሚ፣ ሰውየው ወደ መነኮሳት ማኅበር ገባ ይበል ወይስ ወደ ዱር ሸሸ ይበል? ዐረፍተ ነገሩን ብቻ ሳይሆን ዘመኑንና የጻድቁን ሕይወት መመርመር አለበት። አንዱን ቃል ለመፍታት አንድ ቀን ሙሉ ቢፈጅ አያስደንቅም።

ፕሮፌሰር ጌታቸው ወደ አገራቸው ተመልሰው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። የ1974 አብዮት ከመጣ በኋላም የምክር ሸንጎ አባል ሆነው ነበር። በ1975 ግን የደርግ ወታደሮች ሊይዟቸው ወደ ቤታቸው መጡና በተኵስ ላይ ክፉኛ ቈሰሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በእግራቸው መሄድ አልቻሉም፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ኖሩ። በዚያን ጊዜ 44 ዓመታቸው ነበር። አገራቸውን ለቀው ከወጡ በኋላ በ1976 በአሜሪካ በሚኒሶታ ክፍለ አገር፣ ኮሌጅቪል በሚባል ስፍራ፣ በቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ ከሚገኘው የሂል የብራና መጻሕፍት ቤተ መጻሕፍት ሥራ ጀመሩ።

ከዚህ በኋላ ያለው ነው እኔን እጅግ የሚያስደንቀኝ። ሰውየው ወደ አገራቸው መጻሕፍት መሄድ ባይችሉ መጻሕፍቱ ወደ እርሳቸው መጡ። ነገሩ እንዲህ ነው። ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በየአድባራቱና በየገዳማቱ ያሉት የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም በሚባል ትንሽ ፊልም እንዲነሡ ተደርጎ ነበር። መጽሐፉ ከባለቤቱ ሳይወሰድ ገጹ ሁሉ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ አንዱ ቅጅ በአዲስ አበባ ይቀመጣል፤ ሌላው ወደ ኮሌጅቪል ይላካል። እንዲህ እየተባለ ወደ 9000 የሚጠጉ መጻሕፍት ተነሡ። ነገር ግን ፊልም መነሣት ብቻውን ምን ይጠቅማል? በመቶ ሺህ የሚቈጠር ገጽ በሣጥን ተከቶ ቢቀመጥ፣ በየትኛው ውስጥ ምን እንዳለ የሚናገር ሰው ከሌለ፣ ከተቈለፈ ዕቃ ቤት አይሻልም።

የዚያ ቍልፍ መክፈቻ ዝርዝር መጽሐፍ ነው። የመጀመሪያዎቹን ቅጾች ያዘጋጀው ዊልያም ማኮምበር የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ ሲሆን፣ ቀጥሎ ፕሮፌሰር ጌታቸው ከእርሱ ጋራም ብቻቸውንም ሥራውን ቀጠሉ። በ1993 የታተመው ዐሥረኛው ቅጽ ሥራውን እስከ 5000ኛው መጽሐፍ አደረሰው። አንዱን መጽሐፍ መዘርዘር ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ ለማያውቅ ሰው ይህ ቍጥር ብቻ ነው። መጽሐፉ ስንት ቅጠል እንዳለው፣ ጽሑፉ በስንት ዐምድ እንደ ተጻፈ፣ ሥዕል ይኑረው አይኑረው ይመዘገባል። የውስጡ ድርሰት ይለያል፤ ብዙ ጊዜ በአንድ ጥራዝ ውስጥ ዐሥርና ከዚያ በላይ ድርሰት ስለሚገኝ የእያንዳንዱ መጀመሪያ መነበብ አለበት። ዓመቱ ያልተጻፈ እንደ ሆነ ከፊደሉ ቅርጽ ዘመኑ ይገመታል። ደግሞ በኅዳጉ ላይ የተጻፈው አለ፤ መሬት የተሰጠበት፣ ርስት የተሸጠበት፣ ዕዳ የተከፈለበት፣ መጽሐፉን ያስጻፈው ሰው «የሚያነብ ሁሉ በጸሎቱ ያስበኝ» ያለበት። የታሪክ ጸሐፊዎች ከዋናው ጽሑፍ ይልቅ ይህን ኅዳግ የሚወድዱበት ጊዜ አለ። ለምሳሌ በዝርዝሩ 1832 ቍጥር የተሰጠው የሐይቅ እስጢፋኖስ ወንጌል የአባ ኢየሱስ ሞዐ መጽሐፍ ሲሆን፣ በ1280 ወይም በ1281 መጻፉ ስለ ታወቀ፣ ዘመን የሌላቸው ሌሎች መጻሕፍት ፊደላቸው ከእርሱ ጋራ እየተነጻጸረ ይገመታሉ። እንዲህ ያለውን ሥራ አምስት ሺህ ጊዜ መሥራት ምን ዓይነት ትዕግሥት እንደሚጠይቅ አንባቢ ራሱ ያስብ።

ዘመንን ከነሣሁ አይቀር ስለ «ባሕረ ሐሳብ» ጥቂት ልናገር። ይህን መጽሐፍ ፕሮፌሰር ጌታቸው በአማርኛ ጽፈው በ2000 አሳትመዋል። የአባቶቻችን የዘመን አቈጣጠር የ19 ዓመት የጨረቃ ዙርና የ28 ዓመት የፀሐይ ዙር አለው፤ ሁለቱ ሲባዙ 532 ይሆናል። የጥንት ጸሐፊ ዓመተ ምሕረት ሲል ብዙ ጊዜ የሚቈጥረው ከክርስቶስ ልደት ሳይሆን ከዚህ ከ532 ዓመት ዙር መጀመሪያ ነው። ስለዚህ ዙሩን ያልለየ ተርጓሚ አንድ ንጉሥ ከሞተ ከ532 ዓመት በኋላ ርስት ሲሰጥ ሊያገኘው ይችላል። ይህን ሒሳብ የኔታዎች በቃላቸው ያውቁታል፤ ነገር ግን በትምህርት ቤት የምንማር ልጆች እንድናነበው በቀላል አማርኛ ተጽፎ ሳየው እጅግ ደስ አለኝ። የሒሳብ መምህራችንም መጽሐፉን ባዩት ጊዜ ለክፍል ጥያቄ የሚሆን ነገር አውጥተውበታል፤ ጥያቄው ቀላል አልነበረም።

አሁን ዋናው ነው ወደምለው ነገር እገባለሁ። በ15ኛው ምእት ዓመት አባ እስጢፋኖስ የተባሉ መነኵሴ ከደቀ መዛሙርታቸው ጋራ ለንጉሥ አንሰግድም አሉ፤ ስግደት ለእግዚአብሔር ብቻ ነው ይሉ ነበርና። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በበኩላቸው ከ1434 እስከ 1468 የነገሡ ብርቱ ንጉሥና ብዙ የደረሱ ሊቅ ነበሩ፤ እነዚህንም መነኮሳት በጽኑ ቀጡ። የእስጢፋኖስ ልጆች መከራቸውን ጽፈው ተዉልን፤ ገዳማቸውም በአጋሜ የሚገኘው ጕንዳ ጕንዴ ነው። ንጉሡም ሃይማኖታቸውን በድርሰት ጽፈው ተዉልን። እነዚህ ሁለት ወገኖች በሕይወት ሳሉ ሊስማሙ አልቻሉም። ፕሮፌሰር ጌታቸው ግን የንጉሡን ድርሰቶች በ1991ና በ1992 ወደ እንግሊዝኛ ተርጕመው አሳተሙ፤ ከዚያም የእስጢፋኖሳውያንን ገድልና ታሪክ ወደ አማርኛም ወደ እንግሊዝኛም ተረጐሙ። የአማርኛው «ደቂቀ እስጢፋኖስ» ይባላል። እንዲሁም በጎንደር ነገሥታት ዘመን ጉባኤ እየተደረገ ብዙ ክርክር ያስነሣውን የቅባት ወገን ሃይማኖት የሚናገረውን ድርሰት በ1990 ከነትርጕሙ አውጥተዋል። በዚያ ክርክር ምክንያት በአገራችን ሰው እስከ መሞት ደርሷል።

ታዲያ አንድ ሰው የሚቃረኑትን ሁሉ ሲተረጕም ከየትኛው ወገን ነው ሊባል ይችላል? አንድ የክፍል ጓደኛዬ «ያላመነበትን ቃል የሚተረጕም ሰው ምስክርነቱ አይታመንም» ሲል ተከራከረኝ። እኔ ደግሞ የማይታመነው ያላመነበትን ቃል አለሳልሶ የሚተረጕመው ነው እላለሁ። ንጉሡ ሲናገሩ እንደ ንጉሥ፣ የተገረፈው መነኵሴ ሲናገር እንደ ተገረፈ ሰው ካልተሰማ አንባቢው ፍርድ ሊሰጥ አይችልም። የራሱን አስተያየት መስጠት ቢፈልግ መቅድምና ማስታወሻ አለለት። እነዚህ የእንግሊዝኛ ትርጕሞች አብዛኞቹ በሎቬን ከሚወጣው የምሥራቅ ክርስቲያኖች ድርሳናት ስብስብ ውስጥ የታተሙ ናቸው፤ በዚያም ልማዱ ግዕዙን በአንድ ቅጽ፣ ትርጕሙን በሌላ ቅጽ ማውጣት ነው። ይህ ልማድ ደስ ይለኛል። ተርጓሚው ግዕዙን ከጐኑ አስቀምጦ «ካላመናችሁኝ እነሆ» ማለቱ ነውና።

ሌላም ነገር አለ፤ እርሱም ለአገራችን ቅርብ ነው። «ሐተታ ዘዘርዐ ያዕቆብ» የሚባለው የፍልስፍና መጽሐፍ የንጉሡ ሳይሆን በስም የሚመስላቸው የ17ኛው ምእት ዓመት ሊቅ ነው ይባላል። በመጽሐፉ እንደ ተነገረው ፈላስፋው ከአክሱም ሸሽቶ በተከዜ አጠገብ በዋሻ ውስጥ ሁለት ዓመት ያህል ኖረ፤ ኋላም በእንፍራዝ ተቀምጦ መጻሕፍት እየጻፈ ይተዳደር ነበር። ተከዜን ተሻግሮ ወደ ሽሬ የሄደ የአዲ አርቃይ ሰው ሁሉ ያን ገደል ያውቀዋል፤ የትኛው ዋሻ እንደ ሆነ ግን እኔ ለመናገር አልደፍርም። መጽሐፉን በ1850ዎቹ መጀመሪያ በቤጌምድር የነበረ ዩስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ ኢጣሊያዊ ሚሲዮናዊ ነው ወደ አውሮፓ የላከው። በ1920 ኮንቲ ሮሲኒ የተባለው ሊቅ «ደራሲው ራሱ ሚሲዮናዊው ነው» ብሎ ጻፈ፤ በአዲስ አበባ ያስተምሩ የነበሩት ካናዳዊው ክላውድ ሳምነር ግን የኢትዮጵያዊ ድርሰት ነው ብለው ተከራከሩ። ፕሮፌሰር ጌታቸው በመጀመሪያ ከተጠራጣሪዎቹ ጋራ ነበሩ። በእርጅናቸው ዘመን ግን ቋንቋውን እንደ ገና መርምረው፣ የውጭ ሰው እጅ የጨመረበት ነገር ቢኖርም መሠረቱ የኢትዮጵያዊ ሥራ ነው ወደ ማለት ደረሱ፤ ይህንንም በ2017 በጽሑፍ አወጡ። ያን ጊዜ 86 ዓመታቸው ነበር። ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም። ለእኔ ግን ከክርክሩ ይልቅ አንድ ሊቅ በዚያ ዕድሜ የቀድሞ ፍርዱን በአደባባይ መለወጡ ይበልጥብኛል።

ስለ ሽልማታቸው ብዙ አልጽፍም። በ1987 የእንግሊዝ አገር የሊቃውንት አካዳሚ የውጭ አባል አደረጋቸው፤ በ1988 የማክአርተር ሽልማት ተሰጣቸው። የሕይወታቸውንም ታሪክ «አንዳፍታ ላውጋችሁ» በሚል መጽሐፍ ራሳቸው ጽፈውታል፤ ማንበብ የሚፈልግ ከእኔ ጽሑፍ ይልቅ እርሱን ያንብብ፤ አማርኛው እንደ ጨዋታ የሚፈስ ነው። እንጀራ ይሆናልን ላሉት ለአባቴ ግን ይህን አሳየኋቸው፤ መራመድ የማይችል ሰው በግዕዝ እውቀቱ በባዕድ አገር ከአርባ ዓመት በላይ ተከብሮ ቤተ ሰቡን ይዞ ኖሯል። አባቴም «እንግዲያው ላቲኑንም ትማራለህ ማለት ነው?» አሉኝ። እስካሁን እሺም እንቢም አላሉም።

ፕሮፌሰር ጌታቸው በጁን ወር 2021 በ90 ዓመታቸው በኒው ዮርክ ዐረፉ። በዚያው ክረምት ጦርነቱ ወደ አዲ አርቃይ ደረሰ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሰው ልጁን ይዞ ይሸሻል፤ የብራና መጽሐፍ ግን እግር የለውም። በፊልም የተነሣ መጽሐፍ ቢቃጠል ቃሉ ይተርፋል፤ ያልተነሣው ግን ከነቃሉ ይጠፋል። ዛሬ የኮሌጅቪል ቤተ መጻሕፍት ፊልሞቹን ወደ ኮምፒዩተር እየገለበጠ ከሩቅም እንዲነበቡ አድርጓል፤ መስመር በተገኘ ቀን እኔም በስልክ ከፍቼ አንዳንዱን አይቻለሁ። የቀይ ቀለሙ ስፍራ በፊልሙ ላይ ፈዝዞ ስለሚታይ የቅዱሳኑ ስም ለማንበብ ያስቸግራል።

የታተመው ዝርዝር የሚያበቃው በ5000ኛው መጽሐፍ ነው። ከ5001 ጀምሮ ያሉት አራት ሺህ ያህሉ በዚያ መልክ ታትመው አልወጡም።